አባባ ያወጧት ቁራጭ

ሾፌሩ ሲያገባ የራሱ ቤት ስላልነበረው ሚስቱ ወደ እሱ ሳይሆን እሱ ወደ ሚስቱ ቤት ገባ። «ለጊዜው ነው» ተባለ። ጊዜው ግን እግሩን አንፈራጦ ተቀመጠ። ቤቱ የአማቹ ነው፤ ወንበሮቹ አማቱ በሕይወት ሳሉ የገዟቸው ናቸው፤ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ሁሉ የእነሱ ነው። ውሃ ሊጠጣ ብርጭቆ ሲያነሳ እንኳ የማንን እንዳነሳ አየት ያደርጋል። በዚያ ቤት ውስጥ ማንንም ሳያስፈቅድ «የእኔ» የሚለው አንድ ብስክሌት ነበረው።

ብስክሌቱን የገዛው ውድድር ካቆመ ልጅ ላይ ነው። ከካርቦን የተሠራ፣ በሁለት ጣት የሚነሳ። ሳምንቱን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ፣ ተሳፋሪ ሲጮህበት፣ መብራት ሲያቆመው ሰንብቶ፣ በእረፍት ቀኑ ጠዋት ወደ ከተማው ዳርቻ ሲጋልብ ብቻ ነበር ትከሻው የሚላላለት። ሚስቱ «ምኑን ነው እንዲህ የምትወደው?» ስትለው «ወራጅ አለ የሚል የለበትም» ይላታል።

የኋላ ኋላ ወገቡ ከዳው። የብስክሌቱ መሪ ዝቅ ያለ ስለነበር ማጎንበሱን አልቻለውም። መሪውን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ ብሎ ሲፈታው አንዲት ቁራጭ አልወጣ አለችው። የፊት ጎማውን አቅፎ የሚይዘው ፎርኬላ ወደ ላይ በቱቦ ይቀጥላል፤ መሪው የሚታሰረው በዚያ ቱቦ አናት ላይ ነው። ቱቦው ውስጥ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል የአሉሚኒየም መወጠሪያ አለች። ብሎኗ ሲጠብቅ እየሰፋች ቱቦውን ከውስጥ ትወጥራለች፣ ሲላላ ትሰበሰባለች። ይህቺ ግን የቀድሞው ባለቤት ላብ ወርዶባት፣ ከልክ በላይም ጠብቃ ኖሮ፣ ብሎኗ ተፈትቶም ንቅንቅ አልል አለች።

ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ወሰደው። ጠጋኙ በባትሪ ወደ ቱቦው ውስጥ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ነክሳለች። ዘይት ጠብ አድርግባትና ትክረም። ካልሆነ እኔ ቀስ ብዬ በመሰርሰሪያ አደቃታለሁ።»

«ብንመታትስ?»

«በትንሿ መዶሻ፣ በልኩ። እሳት ግን እንዳታሳያት። ይህ ብረት እንዳይመስልህ፤ ጨርቅና ሙጫ ነው። ሙጫው ከተቃጠለ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ይሞታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ወንድሜ።»

ሾፌሩም ፎርኬላውን ዘይት አንጠባጥቦበት፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ዕቃ ቤት አኖረው።

አማቹ ዕድሜያቸውን የፈጁት በብየዳ ነው። አንዴ የያዙትን ስለማይለቁ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጉጠት» ይሏቸው ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን ለሁሉም «አባባ» ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የውሃ ማሞቂያውን እጠግናለሁ ብለው ጨርሰው ከገደሉት ወዲህ፣ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ልጃቸው እሳቸው ሳይሰሙ ሠሪ ትጠራለች። እሳቸውም ሠሪው ገብቶ ሲወጣ በመስኮት ያዩታል።

አንድ ቀን ሾፌሩ ከሥራ ሲመለስ ገና ከበሩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። ሳሎን ሲገባ አባባ ጠረጴዛው ዋና ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስቱ አጠገባቸው ቆማለች። ወንድሟ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎትም ቤተሰቡ «ማሙሽ» የሚለው፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ይስቃል። ጠረጴዛው ላይ፣ የስኒ ማስቀመጫ ላይ፣ መወጠሪያዋ ጥቁር ብላ ተቀምጣለች።

«ና፣ ና! እስቲ ይህችን እያት!» አሉ አባባ። «አልወጣም አለች ብላችሁ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ የቀበራችኋት እሷ አይደለችም?»

«አባባ... እንዴት አወጧት?»

«እንዴት ይባላል? ከነቱቦዋ ሞርሳው ጥርስ ውስጥ አሰርኳት። ነበልባሉን ለቀቅሁባት። ከዚያ በመዶሻ አንድ ሁለቴ! ብረት የሚገባው ቋንቋ ይኸው ነው። ደህና ዋልሽ ተብላ የምትወጣ መስሏችሁ ነው?»

ማሙሽ «ጉጠት ሥራውን አልረሳም!» ብሎ አጨበጨበ። አባባ እንደ ልጅ ሳቁ።

ሾፌሩ ዕቃ ቤት ገብቶ ፎርኬላውን አነሳ። አናቱ አካባቢ ቀለሙ ኩፍ ብሎ አረፋ ሠርቷል። በጣቱ ሲጫነው ቆዳው ከሥጋው እንደተለየ ነገር እሺ ይላል። በማግስቱ ወደ ጠጋኙ ወሰደው። ጠጋኙ በሳንቲም ዙሪያውን ቆረቆረ። ከታች ቀው ቀው ይል የነበረው ድምፅ አናቱ ጋ ሲደርስ ደብ ደብ አለ።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«የቤት ሰው።»

«ሞቷል። ጣለው። ስትጥል ደግሞ በመጋዝ ቆርጠህ ጣለው፤ ሰው አንስቶ እንዳይገጥመው። መንገድ ላይ ይከዳዋል።»

ሾፌሩ መጋዝ ይዞ ዕቃ ቤት ሲገባ ሚስቱ ተከትላው ገባች። ያየውንም የተባለውንም ነገራት። እጁን ከነመጋዙ ያዘችው።

«እባክህ አትቁረጠው።»

«ሰው ይገድላል እኮ ነው የምልሽ!»

«አንተ ካልነዳኸው ማንን ይገድላል? ስማኝ። እማዬ ከሞተች ወዲህ አባባ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ጎረቤት ሁሉ ዞሮ ሲያወራ ነበር። ቆርጠህ ጥለኸው ቢያይ ምን ይሆናል?»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ግጠመውና ስቀለው። ወገቤን አሞኛል፣ ሐኪም ከልክሎኛል በል። ሆድ ይፍጀው። ዝም አይነቅዝም።»

ሾፌሩ መጋዙን አስቀመጠ። ፎርኬላውን መልሶ ገጠመ፣ በአዲስ መወጠሪያ አጠበቀው፣ መሪውን አሰረ። ኩፍ ያለው ቦታ መሪው ማሰሪያ ውስጥ ስለገባ ብስክሌቱ ምንም ያልነካው መሰለ። ጎማዎቹን አስተነፈሰና ኮሪደሩ ላይ፣ ከፎቶግራፎቹ ሥር ሰቀለው።

አባባ መጀመሪያ ሰሞን «መቼ ነው የምትጋልበው?» ይሉት ነበር። ወገቡን ያሳያቸዋል። ቆየት ብለው መጠየቁን ተዉና ለሚስቱ፣ እሱ እየሰማ፣ «ባልሽ ኮርቶብኛል። በእኔ እጅ የተሠራ ስለሆነ ነው» አሏት። እሷ «ኧረ ሐኪም ከልክሎት ነው፣ አባባ» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሾፌሩ ቀና ብሎ አላያቸውም። እራቱን በልቶ ሳህኑን አጠበ።

ማሙሽ መኪና ሻጭ ነው፤ በአፉ የሚኖር ሰው። ያን ሰሞን ሆዱ ወጣ ብሎ ነበርና አንድ ቅዳሜ መጥቶ «ስፖርት ልጀምር ነው» አለ። ሾፌሩ ሥራ ላይ ነበር። ሚስቱ ገበያ ወጥታለች። አባባ ብስክሌቱን ከግድግዳው አወረዱት።

«ውሰደው። ባለቤቱ ንቆት እዚህ አቧራ ከሚለብስ ሰው ይገልገልበት። የሠራሁት ሥራ ይታይ።»

ጎማውን ራሳቸው ነፉለት። በር ላይ ቆመው ሸኙት። ማሙሽ እጁን አውለብልቦ ቁልቁለቱን ወረደ። ከታች፣ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ሲይዝ፣ ቱቦው ቀጭ ብሎ ተለየ። መሪው በእጁ እንደተያዘ ቀረ፤ ብስክሌቱ ከሥሩ ሄደ። አስፋልቱን የተቀበለው በፊቱ ነው።

ሾፌሩ ስልክ ተደውሎለት ሆስፒታል ሲደርስ ማሙሽ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቷል። መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ የፊት ጥርሶቹ የሉም። አባባ ወንበር ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ሚስቱ ግድግዳ ተደግፋለች። ሾፌሩ ሲጠጋት «አሁን አይደለም» አለችው በሹክሹክታ። እሱ ገና ምንም አልተናገረም ነበር።

ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ አባባ የተሰበረውን ፎርኬላ በፌስታል ይዘው፣ ማንንም ሳያማክሩ፣ ወደ ጠጋኙ ሄዱ። ብልሹ ዕቃ ነው፣ ፋብሪካው ያጭበረበረው ነው እንዲላቸው ፈልገው ነበር። ጠጋኙ ማን እንደሆኑ አያውቅም። ፎርኬላውን ሲያይ ግን ወዲያው አወቀው።

«ይህንን እኮ ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ! እሳት ነክቶታል፣ ቆርጠህ ጣለው ብዬዋለሁ።»

አባባ ቤት ሲገቡ ሾፌሩና ሚስቱ ሳሎን ነበሩ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«ታውቅ ነበር?»

ሾፌሩ ተነስቶ ቆመ። «አውቅ ነበር፣ አባባ።»

«ሞት መሆኑን እያወቅህ ከልጄ ራስ በላይ ሰቀልከው?»

«ማንም እንዳይነዳው ጎማውን አስተነፈስኩት። እርስዎን... እርስዎን እንዳላስከፋ ብዬ ነው። ሰው ይወስደዋል ብዬ አላሰብኩም።»

«እኔን እንዳታስከፋ!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ? ነግሮሽ ነበር?»

ሾፌሩ ሚስቱን አየ። ሲያያት ፍርሃት እንኳ አልነበረውም። እሷ ስትናገር የነገሩ ክብደት ለሁለት እንደሚከፈል፣ አባቷም የልጃቸውን ሐሳብ ሲሰሙ ቀስ በቀስ እንደሚረጋጉ ነበር የሚያስበው።

ሚስቱ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ በጣቷ አስተካከለች።

«አልነገረኝም» አለች።

አባባ «ከቤቴ ውጣልኝ» ሲሉት ሾፌሩ አልተከራከረም። መኝታ ቤት ገብቶ ልብሱን በሻንጣ ሲያደርግ ሚስቱ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ምን ላድርግ? አባቴ ነው። ልጁን ያንን ያደረገው የእሱ እሳትና የእኔ ምክር ነው ብዬ ብነግረው በቆመበት ይሞታል።»

«እኔስ ምንሽ ነኝ?»

«አንተ ጠንካራ ነህ፤ ትችለዋለህ። ነገሩ በረድ ሲል ትመለሳለህ።»

ሾፌሩ ሸሚዞቹን አጥፎ ጨረሰና ሻንጣውን ዘጋ።

ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየ። ሚስቱ በየጊዜው ትደውላለች። መብላቱን፣ ወገቡ እንዴት እንደሆነ ትጠይቀዋለች። «ነገርሻቸው?» ይላታል። «አባቴን ትንሽ ይሻለው» ትለዋለች። እየቆየ መጠየቁንም ተወ፤ ወሬያቸውም ስለ አየርና ስለ ጉንፋን ሆነ።

አንድ ቀን ማሙሽ ጋራዡ ድረስ መጣ። መንጋጋው ጠሟል፤ ቃላቱ እየተንሸራተቱ ነው የሚወጡት። ሾፌሩ ፈረቃውን ጨርሶ አውቶቡሱን እየጠረገ ነበር። መጥረጊያውን አስደግፎ «ይቅር በለኝ» አለው።

«ኧረ ተወው» አለ ማሙሽ። «እኔ አውቃለሁ። ሆስፒታል እያለሁ እህቴ አልቅሳ ነግራኛለች። ስቀለው ያለችህ እሷ ናት።»

ሾፌሩ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ለአባትህ ነገርካቸው?»

«አይ።»

«ለምን?»

ማሙሽ አገጩን ዳሰሰ። «የሚያውቁ ይመስለኛል። አንድ ቀን ስምህ ሲነሳ እህቴን አይን አይኗን አዩአት፤ ከዚያ ወሬ ቀየሩ። ሰውዬ፣ እውነቱን ልንገርህ? አንድ ሰው ይህንን መሸከም ነበረበት። እሳቸው አይችሉም። እሷም ልጃቸው ናት። አንተ...» ቃሉ አፉ ውስጥ ተንሸራተተ። «አንተ ባዳ ነህ። ክፉ ሆነህ አይደለም። ግን ባዳ ነህ።»

«ይህንን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?»

«ዝም ብዬ መቅረቱ ከበደኝ።»

«እና አሁን ቀለለህ?»

ማሙሽ የሾፌሩን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ በጋራዡ በር ወጣ። ሾፌሩ እስኪርቅ አየው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የሚስቱን ቁጥር ከፈተ፤ ምን እንደሚላት ሲያስብ አንድም የሚላት ነገር አጣ። ስልኩን ኪሱ መልሶ የቀሩትን ወንበሮች ሥር ጠረገ።