ጭልፋው በጠፋበት ሰሞን

«ለተኩላ ወገንም ለቁራ ወገንም፣ ለሽማግሌም ለሕፃንም፣ አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጣችሁም በራፉ ላይ ቆማችሁ ለምታጨሱም ሁሉ!» እማማ ዶራ ወንበር ላይ ቆመው ሽርጣቸውን አስተካከሉ። «የአጋዘን ሥጋ የምናወጣበት ትልቁ ጭልፋ፣ ያ ባለ ቀዳዳው፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ተሰውሯል። ያየ ይናገር። የወሰደ ይመልስ። የደበቀ ግን በዚህም ዓለም በሚመጣውም ሾርባ አይቅመስ!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። የኢላይጃ አስከሬን ሲገባ እንኳ እንዲህ ጸጥ አላለም ነበር።

የሟቹ የእህት ልጅ ኤፊ ስለ ጭልፋ የምታስብበት ልብ አልነበራትም። ሐዘኑ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል፤ የእሷ ዓይን በመስኮቱ አሻግሮ በረዶ የለበሰውን የጉጉት ወንዝ ያያል። እጇ ሥራ ፈትቶ ስለከበዳት ማንቆርቆሪያውን አነሳች።

«አስቀምጪ!» አሉ እማማ ዶራ ከወንበሩ ላይ ሆነው። «የተኩላ ልጅ በሐዘኗ ማንቆርቆሪያ ታነሳለች? እኛ ቁራዎቹ አልቀናል እንዴ?»

«ሻይ ልቅዳ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ሻይም ሥራ ነው።»

መንደሩ ሁለት ወገን ነው፤ ሕጉም እንዲህ ነው፦ ተኩላ ሲሞት ተኩላዎች ይቀመጣሉ። ጉድጓዱን የሚቆፍሩት፣ እንጨቱን የሚፈልጡት፣ አራት ቀን የማይጠፋውን እሳት የሚጠብቁት ቁራዎች ናቸው። ቁራ ሲሞት ደግሞ ተኩላዎች ውለታውን ይመልሳሉ። ሐዘንተኛ አይሠራም፤ ሥራም አያዝም። «እባካችሁ ይህን አድርጉልኝ» ማለት «ዓይን የላችሁም» ብሎ እንደ መስደብ ይቆጠራል። ጥሩ ሕግ ነው። አንድ ነገር ብቻ ረስቷል፤ ወንዙን ማን ያንብብ?

ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ከደቡብ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ወንዙ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ሳንቃ ተከሉ፣ ዳሩ ላይ ቴርሞሜትር ያለበት ነጭ ሣጥን አቆሙ፣ ለኤፊ አጎት ለኢላይጃም ደብተርና እርሳስ ሰጡት። «ለአንድ ክረምት ብቻ» አሉት። ሰዎቹ በደብተሩ ዶክተር ሆኑ፣ ተመለጡ፣ ጡረታ ወጡ። ኢላይጃ ግን ያ ክረምት አላለቀለትም። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በረዶው ላይ የቆፈረውን ቀዳዳ ይከፍታል፣ የተንሳፈፈውን የበረዶ ስብርባሪ ጨልፎ ያወጣል፣ ውኃው ሳንቃው ላይ የደረሰበትን ይጽፋል። በኋላ በራሱ የሚለካ መሣሪያ መጥቶ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ድብ በላው። «ድቡ ዲግሪ የለውም፣ አስተያየት ግን አለው» አለ ኢላይጃ፣ እርሳሱን እየቀረጸ።

አዲሱ ትምህርት ቤት ሜዳው ላይ ሊሠራ ሲል ደብተሩን ተሸክሞ ስብሰባ የገባ እሱ ነው። ሳቁበት፤ ግን ኮረብታው ላይ ሠሩት። በአምስተኛው ዓመት ሜዳው ላይ ዓሣ ተጠመደ።

ከታመመ ጀምሮ ወንዙን የምታነበው ኤፊ ነበረች። በመጨረሻው ቀን ሆስፒታል ውስጥ እጇን ይዞ፣ እሷ ምርቃት ስትጠብቅ፣ «ዛሬ ስንት ነው?» አላት።

«አርባ ሁለት፣ አጎቴ።»

«በረዶው በዚህ ሳምንት ይሄዳል። አንድም ቀን እንዳታስቀሪ።»

«እሺ» አለች። ይኸው ሁለት ቀን አስቀርታለች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንገስ ገባ፤ የሟች ሚስት ወንድም፣ ቁራ፣ ሰባ አራት ዓመቱ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ምድጃው አጠገብ ተዘርፍጦ ሳህን ተቀበለ።

«መቃብር ሲቆፈር የት ነበር?» አለ አንዱ ቆፋሪ በሹክሹክታ።

«ወገቡን አሞት ይሆናላ።»

«ምላሱን ግን አንድ ቀንም አሞት አያውቅ!»

አንገስ ሰምቶ እንዳልሰማ ሾርባውን ፉት አለ። «ኢላይጃ እኮ» አለ ጮክ ብሎ፣ «ሠላሳ ስምንት ዓመት ውኃ ሲያነብ ኖሮ፣ ይኸው አንድ ገጽ ሳይጨርስ ሞተ።»

የኤፊ ደም ፈላ። ይህ ሰው አጎቷን በቁሙ ሲያላግጥበት ኖረ፤ አሁን ደግሞ በሬሳው ላይ!

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ከወንዙ በኩል ትልቅ ግንድ እንደሚሰነጠቅ ያለ ድምፅ መጣ። ኤፊ ብድግ አለች። የእማማ ዶራ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«ወዴት ነው?»

«ወንዙ…»

«ወንዙ የትም አይሄድብሽም፣ ልጄ።»

እየሄደ ነበር። ኤፊ ተቀመጠችና ቀብሩ ሳይደርስ የቀብሩን ያህል አለቀሰች። ሴቶቹ «እሰይ፣ ይውጣላት» ተባባሉ።

በአራተኛው ቀን አጎቷ አፈር ገባ፣ እሳቱ ጠፋ፣ ሕጉም ተፈታ። ማዕዱ እስኪዘጋጅ ኤፊ ወደ ወንዙ ሮጠች። ገና ሳትደርስ እርምጃዋ ቀነሰ፤ በረዶው ላይ የተረገጠ መንገድ ነበር። ውኃው ተከፍቶ ይጮኻል። ዳሩ ላይ ባለ የአኻያ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ባለ ቀዳዳ ጭልፋ ተንጠልጥሏል።

ደብተሩን ከነጩ ሣጥን አወጣች። ሦስት አዲስ መስመሮች፣ በሶምሶማ የሚሮጡ በሚመስሉ ጠማማ ፊደላት፦ አርባ ሁለት። አርባ አራት። ሦስተኛው ላይ «በረዶ ሄደ። ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል። ጫጫታ።»

ወደ ኋላ ገለጠች። በአጎቷ ሕመም ጊዜ ቁጥር ብቻ እየጻፈች ስለነበር የድሮውን ገጽ አይታው አታውቅም። በየቀኑ፣ በየኅዳጉ፣ በአጎቷ ጽሕፈት፦ «አንገስ መጣ። ተሳደበ።» «አንገስ መጣ። ተሳደበ።» ዓመት ሙሉ፤ ሌላውም ዓመት ሙሉ። የአጎቷ ሚስት፣ የአንገስ እህት፣ በተቀበረች ማግስት ብቻ፦ «አንገስ መጣ። አልተሳደበም።»

ሳንቃውን አየች። ስድሳ አንድ። ጻፈች። ጭልፋውን በብብቷ ይዛ ተመለሰች።

ማዕዱ ላይ ተራው የተኩላዎች ነው፤ የሠራውን ቁራ በስሙ ጠርተው፣ ሥራውን ተናግረው፣ አብልተው አልብሰው ይሸኛሉ። ቆፋሪዎቹ ፊት ለፊት ተሰለፉ። ኤፊ የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ አነሳች።

«አባባ አንገስ!»

አዳራሹ አጉረመረመ። አንገስ ከበሩ ጥግ፣ እንደ ተከሰሰ ሰው፣ ቀስ እያለ መጣ። ኤፊ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ደረበችለት፤ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ከትታ ምርጡን ሥጋ አወጣችለት።

«ጭልፋዬ!» አሉ እማማ ዶራ። «ደግሞ ለእሱ? አንድ አካፋ ላላነሳ? ሥራው ይነገር!»

«ራሳቸው ይንገሯችሁ» አለች ኤፊ።

«በል ተናገር፣ አንገስ! ምን ሠራህ? ጭልፋዬንስ ምን አደረግህበት?»

ሁሉም ስድቡን ጠበቀ። አንገስ ሳህኑን በሁለት እጁ ያዘ።

«አልናገርም» አለ።