ሦስት ጠርሙስና አንድ ኮት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው፤ አንዲት ጠብታ ውሸት ከጨመርኩበት ምላሴ ጨውና ስኳር መለየት ያቅተው። በለቅሶ ቤት ውስኪ ይቀመሳል ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ተቀመሰ። ያውም በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በፊት፣ የሻይ ብርጭቆዎቹ ገና ከጠረጴዛው ሳይነሡ።

ልጅቱ በር አጠገብ ቆማ የሰው እጅ እየጨበጠች ሳለ አባቷ ይሠሩበት የነበረው የውስኪ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ክርኗን ያዝ አድርጎ ወደ አባቷ ክፍል ወሰዳት። ሟቹ አባቷ የውስኪ ቀማሽ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከየበርሜሉ የተቀዳውን እያሸተቱ፣ አፋቸው ውስጥ አንከባለው እየተፉ፣ ይኼ ይታሸግ፣ ያ ይቆይ ሲሉ ኖረዋል። ስለ አፍንጫቸው የሚወራው ብዙ ነው። አንዴ አንድ ብርጭቆ አሽትተው «እዚህ በርሜል ሥር አይጥ ወልዳለች፤ አራት ናቸው» አሉ። ሲታይ አምስት ተገኙ። አምስተኛዋ የተወለደችው ሰዉ በርሜሉን እስኪያነሣ ድረስ ባለው ጊዜ ነው።

ክፍሉ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሦስት ስም የሌላቸው ጠርሙሶች ቆመዋል። አንገታቸው ላይ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ክር ታስሯል። ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳት። አባቷ ከሦስቱ አንዱን መርጠው ጨርሰዋል፤ ሰኞ እነግርሃለሁ ብለው ስልኩን ዘጉ፤ እሑድ ሞቱ። ማሸጉ ደግሞ ነገ ይጀመራል።

«ለቅሶ ላይ ይህን ማንሣቴ ያሳፍረኛል፣ ልጄ» አላት። «ግን የመጨረሻ ሥራቸው ነው። ሌላ ሰው እንዲመርጥላቸው አልፈልግም።»

ሌላ ሰው የተባለው ከኋላው ቆሟል። ሁለተኛው ቀማሽ ነው። ባልደረቦቹ ወንፊት ይሉታል፤ መትፋት የሚባል ነገር አያውቅበትምና አፉ የገባው ሁሉ ወደ ታች ያልፋል። ይህ ወንፊት ከትናንት ጀምሮ ሳሎን ውስጥ በየሰው ጆሮ ሲያንሾካሹክ ነው የከረመው። የሟቹ አፍንጫ ከባለቤቱ ቀድሞ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል ይላል። አንድ ቀን ቀለም ያለው ውሃ ቀድቼላቸው አሽትተው አሽትተው «ነገ እነግርሃለሁ» አሉኝ ይላል። ልጅቱ ይህን የሰማችው ትሪ ይዛ ከኩሽና ስትወጣ ነው። ትሪው አልወደቀም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ማን እንደሚጨብጣት አታውቅም፤ ሊያጽናናት የመጣውን ሰው እሷው «አይዞህ» እያለች ታሳልፋለች።

ወንፊት የአባቷን ደብተር ገለጠ። የክሩ ቀለም የትም አልተጻፈም። የተጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። አንዱ፦ እርጥብ ደብተር፣ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና። ሌላው፦ የፀጉር ቤት ወንበር፣ አዲስ ጫማ። ሌላው፦ የአክስት ቁምሳጥን፣ ውስጡ የተረሳ ብርቱካን። ከጎኑም እንዲህ ይላል፦ ሳቀች። ይኼ ይሁን።

«ማን ናት የሳቀችው?» አለ። «ውስኪ ይስቃል እንዴ? ይህን የጻፈ ሰው ማሽተት ይችል ነበር ትሉኛላችሁ?»

ሥራ አስኪያጁ መሬት መሬቱን አየ። ልጅቱ ግን ቃላቱን ታውቃቸዋለች። የራሷ ናቸው።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከምትሠራበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስትመለስ ወተት ገንፍሎ፣ ድስቱ ከሰል መስሎ ጠበቃት። አባቷ ለምድጃው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ሁለት እርምጃ ርቀው፣ ጋዜጣ ያነባሉ።

«አባዬ፣ አይሸትህም?»

ጋዜጣውን አጠፉ። ድስቱን አዩት፤ እሷን አዩ። «ሐሳብ ይዞኝ ነው» አሏት። እርጅና ነው ብላ አለፈችው።

በዚያው ሳምንት ጨዋታው ተጀመረ። ከሥራ ስትገባ ብርጭቆ አፍንጫዋ ሥር ይደቅኑና «ምን ይመስልሻል? የመጣልሽን በይ» ይሏታል። ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው ስታልፍ የኮታቸውን እጅጌ ያቀርቡላታል፤ አፍንጫ የለመደውን ነገር ሲያሸት ከቀደመው ሽታ ይጸዳል፣ ቀማሽ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው ብለዋታል። እሷ አፏ ላይ የመጣውን ትቀባጥራለች፤ እሳቸው ይጽፋሉ። አባት ከልጁ ጋር የሚጫወት ነበር የመሰላት።

ታዲያ ሲያጫውቷት ነበር ወይስ ሲያሠሯት? ልትናደድ ፈለገች። ንዴቱ ግማሽ መንገድ መጥቶ እንባ ሊሆን ዞረ፤ እንባውም ግራ ገባውና እዚያው ቆመ። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው። እውነቱን ከተናገረች አባቷ ነገ የመሥሪያ ቤቱ መሳቂያ ናቸው። ዝም ካለች ደግሞ ወንፊት ይመርጣል፤ ወሬውም ይጸናል።

«ይቅዱልኝ፣ ጋሼ» አለችው። «ክሩን እንዳያሳዩኝ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ወንፊት ቀዳ። የመጀመሪያውን አሸተተች። የሥራ ቦታዋ ነው፤ ጣሪያው ያፈሰሰ ዕለት መደርደሪያው የሸተተው ሽታ። እርጥብ ደብተር። ሁለተኛውን አነሣች፤ ምንም አልመጣላትም። ሦስተኛውን አነሣች፤ ከሁለተኛው ጋር ተደባለቀባት። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ወንፊት ጉሮሮውን ጠረገ።

እጇ ማንም ሳያዘው ወደ ጎን ተዘረጋ፤ እጅጌ ፍለጋ። እጅጌ የለም። ኮቱ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ሄደችና እጅጌውን አንሥታ አፍንጫዋን ቀበረችበት። የመላጫቸው ሳሙና፣ የበርሜሉ እንጨት፣ ከኪሳቸው የማይጠፋው ከረሜላ፣ ሁሉም እዚያው ነበሩ። ብዙ ቆየች። የአባቷ እህት ልትጠራት አፏን ከፈተችና ተወችው።

ተመልሳ ሦስተኛውን እንደገና አሸተተች። ሳቀች። በለቅሶ መሀል፣ ድምፅ አውጥታ።

«ይኼ ነው» አለች። «የአክስቴ ቁምሳጥን።»

«የኔ ቁምሳጥን ምን ሆነ?» አለች አክስቷ።

«ብርቱካን ረስተሽበት ነበር።»

«አንድ ጊዜ ነው እኮ» አለች አክስቷ፣ ቅር ብሏት።

ክሩ ነጭ ነበር። ወንፊት አላመነም። ቦታ እያቀያየረ ሁለቴ ደገመ፤ ሁለቴም ነጩን ክር አወጣችለት። በሦስተኛው ብርጭቆውን አስቀምጦ አያት።

«አስተምረውሻል ማለት ነው።»

«አዎ ጋሼ» አለችው። «በየቀኑ።»

ሥራ አስኪያጁ ነጩን ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወጣ። ወንፊትም ሳሎን ተመልሶ፣ ያ የቀለም ውሃ ነገር የደረሰው በሌላ መሥሪያ ቤት በሌላ ሰው ላይ እንደሆነ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገር ጀመር።

እንግዲህ ሁሉም እውነት ነው። አይጧን እንኳ አልነካሁም፤ አምስት ናቸው። የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮቱ እንዳልኩት አልሸተተም። አክስቷ በመጀመሪያው ቀን እጇ ሥራ ቢያጣ ያገኘችውን ልብስ ሁሉ አጥባ ነበር፤ እጅጌው የሸተተው የልብስ ሳሙና ብቻ ነው። ልጅቱም ኮቱን ያሰጣችው ራሷ ስለሆነች ታውቃለች። ቢሆንም እንግዳው ሁሉ ከወጣ በኋላ ወደዚያ ክፍል ተመለሰች፤ እጅጌውን አንሥታ አፍንጫዋ ላይ ያዘችው፤ አክስቷ መጥታ «ነይ ቅመሺ፣ ምሳ ቀርቧል» እስክትላት ድረስም አልለቀቀችውም።