የሦስት ማክሰኞ ቆጠራ

ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰው ሁሉ አዛውንቱን ተመራማሪ «ጋሽ ጥርጥር» ነበር የሚላቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰው አፉ ይባረክ፤ የጨረር ቆጣሪው አንድ ነገር ባሳየ ቁጥር መጀመሪያ ግድግዳውን ይጠረጥራሉ፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋን ባልዲ ሳይቀር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያሳደዱት አንድ ቁጥር ነው፦ በግዙፍ ኮከቦች ሆድ ውስጥ ፕሮቶን ከናይትሮጅን ጋር ምን ያህል ቶሎ እንደሚዋሃድ። ኮከቦቹ የሚነዱት በዚህ ነው። እዚህ ምድር ቤት ግን የቅንጣት ማፍጠኛው መሣሪያ ናይትሮጅኑ ላይ ፕሮቶን ሲያዘንብ ቢውልም ውህደት የሚጠበቀው ከስንት አንዴ ነው። እስካሁን እሱም አልታየም።

ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ አብራቸው ትሠራለች። ቤተ ሙከራው በዓመቱ መጨረሻ እንደሚዘጋ የሚገልጸውን ደብዳቤ ያነበበችላቸው እሷ ናት። «ቁጥሩን ሳላየውማ ንቅንቅ አልልም» ብለው ሳቁ። እሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም።

ማክሰኞዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቆጣሪው ልክ በሚጠብቁት ቦታ ምልክት አሳየ። ጋሽ ጥርጥር እንደ ወጉ ግድግዳውን ጠረጠሩ፤ ነጻ ወጣ። ገመዱም ነጻ ወጣ። ባልዲው እንኳ ተመርምሮ ተለቀቀ። በሦስተኛው ማክሰኞ አጨበጨቡ። እሷም ደስታው ራሷ ላይ ወጥቶ ቆጣሪውን ሳታጠፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ቆጣሪው ያተመውን ወረቀት ሁለቴ አነበበችው። ከውህደቱ የሚወለደው ጨረር አመንጪ ኦክስጅን በየሁለት ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ማፍጠኛው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከጠፋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ምልክቱ መክሰም ነበረበት። ይኼኛው ግን በግማሽ ለመቀነስ ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ድርግም አለ። አጎቷ ኮታቸውን አንሥተው የወጡት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

በሁለት ሰዓት ገደማ የሚጋመሰውን ነገር ታውቀዋለች። ካንሰር የት የት እንደደረሰ ለማየት ሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጥ ጨረር አመንጪ መድኃኒት ነው። አጎቷ ሦስቱንም ማክሰኞ ጠዋት «ጥርስ ሐኪም ጋ ነኝ» ብለው አርፍደው ነበር። የበሩ ጨረር መፈተሻ ከተበላሸ ከርሟል። ወንበራቸው ደግሞ ቆጣሪውን ከውጭ ጨረር በሚከልሉት የእርሳስ ጡቦች መሃል ካለችው የገመድ ማስገቢያ ክፍተት ፊት ለፊት ነው።

ሲመጡ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ባልዲ ስጠረጥር» አሉ፣ «ወንበሩ ላይ የተጎለተውን ሰውዬ ረሳሁት።»

«የት ነው ጋሼ?»

«ቆሽቴ ላይ ነበር። አሁን ጉበቴንም ይዞታል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርሽ ነበር እኮ። ቁጥሩ ሲገኝ፣ አንድ ላይ። ክፉውን ወሬ ለብቻው ላሸክምሽ አልፈለግኩም።»

እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች። ጋሽ ጥርጥር መሐረባቸውን ሰጧት፤ ከዚያ መዝገቡን ወደ እሷ ገፉት።

«በይ ሦስቱንም ማክሰኞ ሰርዣቸው።»

«ነጥቦቹ ይቆዩ ጋሼ፤ ዛሬ እንኳ ይቆዩ።»

«ሰርዥ ልጄ። የኔ በሽታ ኮከብ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሦስቱንም ሰረዘች። ከአሥራ አራቱ ዓመት አንድም የሚታመን ነጥብ አልቀረም። ጋሽ ጥርጥር ክፍተቷን በገዛ እጃቸው በእርሳስ ጡብ ደፈኗት፤ ጡቧን ለማንሣት ሁለቴ አረፍ አሉ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። እሷ ግን ማፍጠኛው እስኪነቀል ድረስ ብቻዋን ቆጠረች፤ ምንም አልተገኘም። በመጨረሻው ማክሰኞ ያችን ጡብ ከቦታዋ አወጣቻትና ክፍተቷ እንደ ድሮው ወደ ወንበሩ ተከፈተች። ወንበሩ ላይ ማንም አልነበረም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆጣሪው ላይ አፍጥጣ ጠበቀች።

መዝገቡ ላይ በየቀኑ የሚሞላ አንድ መስመር አለ፤ አጎቷ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ሆኖ ሊያዩት የተመኙት። ሞላችው፦

«ከውጭ የገባ ጨረር፦ የለም።»