ዝም የሚባልበት ቦታ

«ወንድሜ፣ እባክዎ አይወዛወዙ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በከንፈሯ በነከሰቻቸው ስፒሎች መሃል።

«ምን ላድርግ እህቴ፣ መዝሙሩ ነው የሚወዘውዘኝ።»

በጉልበቷ ተንበርክካ የጋዋኑን ጫፍ የምታጥፍለት ሰው የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው። መዘምራኑ ግን «ከባዱ» ነው የሚሉት፤ ወፍራም የቤዝ ድምፁና ሰውነቱ አንድ ላይ ተመዝነው የወጣለት ስም ነው። ለሌላው ሰው የበቃው ጨርቅ ለእሱ አልበቃ ብሎ ከግራና ከቀኝ ቀጥላበታለች፤ ቅጥሉን ግን ማንም እንዳያየው አድርጋ ደብቃዋለች። እንዲህ ያለውን ነገር ታውቅበታለች።

አዳራሹ ሰፊና ቀዝቃዛ ነው። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተዋል፣ ኪቦርዱ ጥግ ይዟል፣ አዲሶቹ ጋዋኖች በመስቀያ በመስቀያ ሆነው በመስኮቱ ብረት ላይ ተንጠልጥለዋል። ወጣቱ አሠልጣኝ ገና ሲገቡ ነበር ቁርጡን የነገራቸው። «ለልብስ ተብሎ ልምምድ አይቋረጥም። የሚለካው እየዘመረ ይለካ።» ስለዚህ ሰፊዋ ከአንዱ እግር ሥር ወደ ሌላው እግር ሥር እየዳኸች፣ ልጇም ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ እየተከተለቻት፣ መዘምራኑ ከላያቸው ይዘምሩባቸዋል።

የእጅ አንጓዋ ላይ የታሰረች ትንሽ የስፒል ትራስ አለቻት። ስፒሎቹን በአፏ መያዝ አያስፈልጋትም ነበር። ግን ስፒል የነከሰች ሴት «አብረሽን ዘምሪ» አትባልም፤ የት እንደምታመልክ የሚጠይቃትም የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጣ አታውቅም። ይህንንም ሥራ ሳታማክራት የተቀበለችው ልጇ ናት። «እማዬ፣ ልብስ ነው እንጂ ጸሎት አይደለም» ብላ አግባብታ ነው ያመጣቻት።

«እሺ፣ አዲሱን መዝሙር!» አለ አሠልጣኙ እጁን አጨብጭቦ። «ቤዞች፣ እንደ ባለፈው እንዳትቀድሙ። በተለይ ዝም የሚባልበት ቦታ ላይ አደራችሁን!»

ኪቦርዱ ጀመረ። ሰፊዋ የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ስትሰማ እጇ ጨርቁ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ይዘኸኝ ወጣሁ ያንን ዳገት፣
ይዘኸኝ አለፍኩ ያንን ክረምት…»

ጆሮዋን ማመን አቃታት። መዝሙሩ የእሷ ነው። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ ፔዳሉን እየረገጠች፣ በፔዳሉ ምት ያወጣችው ነው። መጀመሪያ የሰማው ባሏ ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ መሰላሉን እንደተሸከመ በሩ ላይ ቆሞ አዳመጣትና «እስቲ ድገሚው» አላት። ከዚያ በኋላ ይህች «እስቲ ድገሚው» የቤቱ ሰላምታ ሆነች።

ታሞ ሆስፒታል ሲተኛም አልጋው ራስጌ ተቀምጣ ይህንኑ ዘመረችለት። ይድናል ብላ አምናለች። ለጠየቃት ሁሉ አፏን ሞልታ ይድናል ብላለች። ተሽሎሃል፣ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ በተባለበት ቀን አረፈ። ቀብሩ ላይ ሰዎች ከበዋት «እሱ የሚወደውን አንቺ ካልዘመርሽለት ማን ሊዘምርለት ነው?» አሏት። ተነሥታ ጀመረች። «አባቴ» እስከሚለው ድረስ ሄደች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን አልወጣ አላት። ሰው ሁሉ እያያት ዝም ብላ ቆመች፤ ቆይቶ ሳግ ያዛትና ትንፋሿን ስባ፣ ምላሷ በልማድ ወደሚቀጥለው ስንኝ ዘለለ።

ያን ቀን በባሏ መቃብር ላይ ቆማ እግዚአብሔርን የካደችው ያህል ነው የተሰማት። ከዚያ ወዲህ አልዘመረችም። ልጸልይ ስትልም «በምን አፌ?» የሚል ነገር ይመጣባታል። ቤት ለቀቀች፣ ሰፈር ቀየረች፣ አንገቷን ደፍታ መስፋት ያዘች።

«አባቴ…» አሉ መዘምራኑ፤ ዝም አሉ። ሁሉም ባንድ አፍ። አሠልጣኙ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ያዛቸው። ቀጥሎ አልቶዎቹ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሴቶች፣ እኩል ተናበው፣ ትንፋሻቸውን በአፋቸው ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።

«…ነገም ከእኔ ጋር ነህ» ብለው ቀጠሉ።

ያ ሳግ የእሷ ነው። ቆጥረው፣ አጥንተው፣ በዜማ አስገብተውታል። እጇ ከዳትና ስፒሉ ጨርቁን አልፎ የከባዱ ቁርጭምጭሚት ላይ ተሰካ።

«ኢየሱስ!» ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱም ቤዝ ነበር።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አሠልጣኙ ብቻ አልሳቀም። «ኧረ ዝም በሉ፣ ልምምድ ላይ ነን!»

«ተወግቼ ነው እኮ!»

ሰፊዋ ስፒሎቿን ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርጋ ከመሬት እንደተንበረከከች ቀና አለች። «ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያስተማራችሁ?»

«መዝሙሩን ነው?» አለ አሠልጣኙ፣ ጥያቄው ደስ አሰኝቶት። «ስልክ ላይ ያገኘነው ነው፣ እናቴ። ሰው ለሰው ሲላላከው እኛ ጋ ደረሰ። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ግን ያቺን ጸጥታ ሰሙልኝ? ደራሲዋ ሆን ብላ ነው ያስገባቻት። እሷን ለማስጠናት ያየሁትን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው። ትንፋሹማ አሁንም አልተስተካከለልኝም።»

«ሆን ብላ አይደለም።»

«እንዴት ማለት?»

«ሳግ ይዟት ነው። እዚያ ጋ ቃል አለ።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

ሰፊዋ ወደ ጫፉ አጎነበሰች። ልጇ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። «መዝሙሩ የእሷ ነው» አለች። «የተቀዳው አባቴ ሲቀበር ነው።»

ሲስቁ የነበሩት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የአሠልጣኙ ፊት ተለዋወጠ። «ከኋላ የሚሰማው ነገር… እኔ እኮ ዝናብ መስሎኝ ነበር።»

«ልቅሶ ነው» አለች ልጅቱ።

አሠልጣኙ የሚገባበት ጠፋው። ክፉ ልጅ ግን አይደለምና፣ ወደ ሰፊዋ ጠጋ ብሎ ቁጢጥ አለ። «ይቅር ይበሉን፣ እናቴ። አላወቅንም። ቃሉን ይንገሩንና አሁኑኑ እናስገባው፤ መዝሙርዎ ሙሉ ይሁን።»

መዘምራኑ ሁሉ ጠበቁ። ሦስት ቃል ናት። ልብስ ሲሰፋ እንደሚጠራ የወገብ ቁጥር ተናግራ መገላገል ትችል ነበር። ከንፈሯን ልታላቅቅ ሞከረች፤ ልክ እንደዚያን ቀን አልወጣ አላት። ተነሥታ በሩን ከፍታ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ የመወልወያ ባልዲና የተደራረቡ የተሰበሩ ወንበሮች ነበሩ። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ልጇ ተከትላት መጣች።

«አውቀሽ ነው ያመጣሽኝ?»

«አውቄ ነው» አለች ልጅቱ። «በዚህ ሳልፍ ሰማኋቸው። ውጪ ቆሜ አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ገባሁና ልብስ አታሰፉም ወይ አልኳቸው። ማሰፋት እንኳን አላሰቡም ነበር፤ አሮጌው ጊዜው አልፎበታል ብዬ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሰፊዋ ትስቅ ነበር። «እንድዋረድ ነው?»

«እማዬ፣ እኔም እኮ አባቴን ነው የቀበርኩት። እሱን ባጣሁ ማግስት አንቺንም አጣሁሽ። ቤታችን ውስጥ ከስፌት መኪናው በቀር ድምፅ ያለው ነገር የለም።» የልጅቱ ድምፅ ተሰበረ። «እንድትዘምሪ አይደለም። እንድትሰሚያቸው ብቻ ነው የፈለግኩት።»

«ያን ቀን ያደረግኩትን አታውቂም» አለች እናት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለእግዚአብሔር አንዲት ቃል ነፈግኩት፤ ያውም ሰው ፊት። ስንት ዓመት የሸሸሁት ነገር ይኸው እዚህ ጠበቀኝ። ኃጢአቴን በአራት ድምፅ እየዘመሩት ነው፣ ልጄ።»

በሩ ተከፈተና ከባዱ ብቅ አለ። ግማሽ ጫፉ የታጠፈ ግማሹ መሬት የሚጠርግ ጋዋኑን በሁለት እጁ ሰብስቦ ያነክሳል።

«እህቴ፣ ሳትሄጂ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለ። «ቃሉን እንዳትነግሪያቸው።»

«ለምን?»

አንዴ ወለሉን፣ አንዴ ባልዲውን አየ። «አንድ ልጅ አለኝ። ተጣልተን ከቤት ወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። ፌርማታ ላይ በቆምኩ ቁጥር ከሚሳፈረው ሰው መሃል የእሱን ፊት ነው የምፈልገው። እዚህ እመጣለሁ፣ እዘምራለሁ፤ ግማሹን ግን ከልቤ አይደለም። ቤዝ ስለሆንኩ ማንም አያውቅብኝም።» ትንሽ ፈገግ አለና ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። «እዚያ ዝም የምንልበት ቦታ ስንደርስ ግን የልጄን ስም እጠራለሁ። በሆዴ። ያቺ ብቻ ናት የእኔ ጸሎት። ዳር ላይ የምትቆመዋን አልቶ ጠይቂያት፣ እሷም እዚያ ጋ የምትለው አላት። አሠልጣኙ ጥበብ ነው ይላል። እኛ ግን እዚያ ስንደርስ ነው የምናርፈው።»

ሰፊዋ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች።

«በሩ ስስ ነው፣ ያልሽውን ሰማሁ» አለ። «ነፈግኩት ትያለሽ። እኔ ግን ያቺ ዝምታ ባትኖር ይሄን ጊዜ ይህን ቤት ትቼ ሄጄ ነበር።»

ሰፊዋ ይህን ትልቅ ሰው አየችው፤ ጋዋኑን እንደ ልጅ ሰብስቦ ይዞ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እሷ ያን ጊዜ የዘለለችው ቦታ ላይ እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረባት ይመስላት ነበር። ለካ እዚያ ቦታ ላይ፣ እንደ እሷ ቃል የጠፋባቸውን ሰዎች ሲያስጠጋ ነው የኖረው። አለቀሰች፤ ስፒሎቹን እንደነከሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ። ልጇ እጇን ያዘቻት።

«ጫፉ አላለቀም» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን በክንዷ እየጠረገች። «እንዲህ ሆነው ሰው ፊት አይቆሙም። ይግቡ ልጨርስልዎ።»

ሲገቡ አሠልጣኙ ከወንበሩ ተነሣ። መዘምራኑም አፍረው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«እንደለመዳችሁት ዝም በሉ» አለቻቸው። «ቦታውን አትሙሉት፤ የሚያርፍበት ሰው አለ። ያቺን ትንፋሽ ግን እናንተ አትሳቧት፤ ለእኔ ተዉልኝ። እሷ የእኔ ናት።»

«እሺ፣ እናቴ» አለ አሠልጣኙ፣ አንዲት ቃል ሳይከራከር።

ተመልሳ ከባዱ እግር ሥር ተንበረከከች። ኪቦርዱ ጀመረ። ዳገቱን ወጡት፣ ክረምቱን አለፉት። ቦታው ሲቃረብ እጇ ወደ አፏ ሄደ፤ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ እያወጣች አንጓዋ ላይ ባለችው ትራስ ሰካቻቸው።

«አባቴ…»

ጸጥ አለ። አልቶዎቹ ትንፋሻቸውን ዋጡት። የከባዱ እግር አጠገቧ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ልጁን እየጠራ ነው፤ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ ተንበርክካ የዋለችው እሷ ብቻ እንደሆነች አሁን ነው ልብ ያለችው። ማንም አላስገደዳትም፣ ማንም አልጠበቃትም።

«አንተ ታማኝ ነህ» አለች።

ድምፅዋ ሻካራ ነበር፣ ዜማውንም በትክክል አልያዘችውም። አሠልጣኙ እጁን ማውረድ ረስቶ ቆመ፣ መዘምራኑም መቀጠል አቃታቸው። የሚቀጥለውን ስንኝ ቀድማ የጀመረችው ልጇ ነበረች።