ሦስት አንጓ ያለው አውራ ጣት

የልብስ ሰፊው አውራ ጣት ከሌላው ሰው በአንድ አንጓ ይረዝማል። ከአባቱ የወረሰው ነው፤ አባቱም ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን ጎትተው ያሳያሉ። «ይቺ ጣት እኮ ለመርፌ የተፈጠረች ናት፤ ቁርጥ የአባቱን!» ይላሉ። አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሰው፣ እንደ ሕፃን እጁን ዘርግቶ ያስጎበኛል። እውነቱን ለመናገር ደስም ይለው ነበር።

ሴት ልጁ በተወለደች በሁለተኛው ወር ነጣች። ጡት ስትጠባ ይደክማታል፤ ከንፈሯ ከጉንጯ አይለይም። ሆስፒታል ሲወስዷት የአጥንቷ መቅኔ ቀይ ደም መሥራት እንዳቃተው ተነገራቸው። ከዚያ ወዲህ በየአራት ሳምንቱ ደም ይሰጣታል። ደም በተሰጣት ማግስት ቀልታ ትጫወታለች፣ አራተኛው ሳምንት ሲደርስ ደግሞ እንደ ሻማ ትነጣለች።

እናቱ ምራታቸውን ሊያግዙ መጥተው እዚያው ከርመዋል። እገዛቸው ግን የቆየው ሁለት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ምራታቸው እየሰማች፣ «በኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ። ከዚያ በኋላም ቃሉን እየቀያየሩ በየሳምንቱ ደገሙት። ምራትየዋ ልጇን ለእሳቸው ማስያዝ ተወች። አያትየዋ የልጅ ልጃቸውን ወራት ሙሉ በሩቁ እያዩ ከረሙ። ልብስ ሰፊው በሁለቱ መሃል ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መኪናውን ይረግጣል። የስፌት መኪና ድምፅ ለፈሪ ባል ጥሩ መደበቂያ ነው።

አንድ ማለዳ፣ ወደ ሆስፒታል ሊሄዱ ሲሉ፣ ሚስቱ የሕፃኗን ልብስ ቦርሳ ውስጥ እየከተተች ቁርጡን ነገረችው።

«እማማ አንድ ጊዜ ከደገሙብኝ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ልጄን ይዤ ነው የምሄደው። እኔ ደሜን መርጬ አልተወለድኩም፤ አንተ ደግሞ አፍ የለህም።»

ሆስፒታል ሲደርሱ አፍ እንዳለው ለማሳየት ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ዶክተሯን ቀድሞ የጠየቀው እሱ ነበር።

«ዶክተር፣ ይሄ በሽታ ስንት ሰው ላይ ነው ያለው?»

«በጣም ብርቅ ነው። ከሚወለዱ አንድ ሚሊዮን ልጆች አምስት፣ ቢበዛ ሰባት።»

«ሴቶችን ነው የሚይዘው?»

«ወንድ ሴት አይልም፣ እኩል ነው። ሀብታም ድሃ፣ ጥቁር ነጭ ብሎም አይመርጥም። አብዛኞቹ ላይ ዓመት ሳይሞላቸው ይታወቃል።»

ሚሊዮን ለእሱ ባዶ ቃል ስለነበረ ወደ ሸሚዝ መነዘረው። በቀን አሥራ ሁለት የተማሪ ሸሚዝ ይሰፋል፤ በዓመት ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ይሆናል። አንድ ሚሊዮን ለመሙላት ወደ ሁለት መቶ ሰማንያ ዓመት መርገጥ አለበት። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሰባት ማለት በየአርባ ዓመቱ አንድ፣ በአንድ ልብስ ሰፊ ዕድሜ አንድ ሸሚዝ ነው። ታዲያ ያቺ አንዷ ለምን እኔ ቤት መጣች፣ አለ በልቡ።

«ከማን ነው የሚመጣው?» ይህን የጠየቀችው ሚስቱ ናት።

«ግማሽ ያህሉ ልጆች ላይ እንዲሁ ከራሳቸው ይጀምራል። የቀሩት ከእናት ወይም ካባት ይወርሱታል። ያወረሰው ሰው ራሱ አንድ ቀን ሳይታመም ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዴ...»

ዶክተሯ አቋረጠች። ልብስ ሰፊው የልጁን ሹራብ እየቆለፈ ነበር። «እስቲ እጅዎን» አለችው። እንደለመደው ዘረጋላት። እንደ ሌላው እንግዳ ልታደንቅለት መስሎት፣ «ካባቴ ነው» አለ ኮራ ብሎ። እሷ ግን አንጓዎቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገች ቆጠረች።

«እዚህ ሁለት አጥንት ነበር መኖር ያለበት፤ የርስዎ ሦስት ነው። ይሄ በሽታ አንዳንዴ አውራ ጣት ላይ ምልክት ይተዋል። ሳልመረምር ግን አልፈርድም።» ከባልም ከሚስትም ደም ወሰደች።

ውጤቱ በስድስተኛው ሳምንት መጣ። የሚስቱ ደም ነጻ ነው። በሽታው ያለው በእሱ ደም ውስጥ ነው።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ እጁን ኪሱ ከትቶ ተቀመጠ። ሚስቱ ደስ ይላታል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አልተደሰተችም። አንድ ፌርማታ ሲቀራቸው «አንተ ነህ የምትነግራቸው» አለችው።

ቤት ሲደርሱ እናቱ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከሉ ነበር። ሕፃኗን ቀና ብለው አዩና፣ «ደግሞ ነጣች? እንግዲህ የናቷ ወገን...» ብለው ሲጀምሩ፣

«እማዬ፣ ከኔ ነው» አላቸው።

የምርመራውን ወረቀት አነበበላቸው፤ አልገባቸውም። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ከዚች ጣት ጋር የመጣ ነው። ካባዬ ወደኔ፣ ከኔ ወደሷ።»

ይጮኹብኛል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን መርፌያቸውን ሸሚዙ ላይ ሰክተው ጣቱን ያዙት።

«ካባትህ?»

«ካባዬ።»

«ካንተ በፊት ሁለት ወልጄ ነበር» አሉ። ይህን ያውቃል፤ በሕፃንነታቸው ሞቱ ከማለት አልፈው ግን ነግረውት አያውቁም። «ወንዱም ሴቷም ነጥተው ነጥተው ነው የሞቱት። ዓመት አልሞላቸውም። አማቴ ደምሽ ቀጭን ነው አሉኝ፣ እኔም አመንኩ። አባትህ ሊሞት ሲል፣ ልጆችህን በደሜ ጨረስኩብህ፣ ይቅር በለኝ ብዬ ለመንኩት። ይቅር ብዬሻለሁ አለኝ። በዚችው ጣቱ እንባዬን ጠረገልኝ።»

ልብስ ሰፊው ሸሚዞቹ ትዝ አሉት። በአንድ ዕድሜ አንድ ብሎ አስልቶ ነበር፤ እዚህ ቤት ግን ሦስት ናቸው።

እናቱ ተነሥተው ምራታቸው ፊት ቆሙ።

«ያኔ ያለ ጥፋቴ ይቅርታ ለመንኩ። ዛሬ ጥፋት አለብኝ። አፌን በቆረጠው! ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

ምራትየዋ ወራት ሙሉ የዋጠችው ነገር በአንዲት ቃል አይወጣም። ቢሆንም ወንበር ሳበችላቸው።

«ይቀመጡ እማማ። እስቲ ይያዙልኝ፣ ጡጦዋን ልጠብ» ብላ ሕፃኗን እቅፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

አያትየዋ ክብደቷን አልጠበቁትም ነበርና እጃቸው ዝቅ አለ።

«ከብዳለች» አሉ። «የኔዎቹ እዚህ አልደረሱም።»