በሳህኑ ሥር ያለው ቁጥር

«ስም የሌለውን ሳህን ማን አመጣው?»

ሮዌና ሳህኑን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ሥሩን እያየች ደግማ ጠየቀች። ኩሽና ውስጥ የነበሩት ሴቶች ዳቦ መቁረጣቸውን ቀጠሉ። ጠረጴዛው ላይ ከትናንት ጀምሮ የመጣው ምግብ ተደርድሯል፤ የአሳማ ጭን፣ ፎሶሊያ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ የሙዝ ፑዲንግ። በየሳህኑ ሥር ፕላስተር ተለጥፎ የባለቤቱ ስም ተጽፎበታል፤ ከቀብሩ በኋላ ታጥቦ ወደየቤቱ የሚመለሰው በዚያ ነው። ዶሮ በሊጥ ድቡልቡል የያዘው ይህ ሳህን ግን ስልክ ቁጥር ብቻ ነበረው።

«ጠዋት በረንዳው ላይ አገኘሁት» አለች ጎረቤታቸው ኤታ። «በር ሳያንኳኳ ምግብ አስቀምጦ የሚሄድ ሰው ደግሞ ዛሬ ገና አየሁ። ምነው፣ ስኮትላንድ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ሳህን ምርመራ ነው እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። የሮዌና እናት ቬልማ አልሳቀችም። ሳህኑን ከልጇ እጅ ወስዳ ፍሪጁ አናት ላይ ሰቀለችው።

«ይሄን ማንም አይብላው» አለች።

የሮዌና አባት ሃርዲን ስታምፐር ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። በዚህ በኬንታኪ ሸለቆ ውስጥ ስሙን የማያውቅ የለም። የድንጋይ ከሰል መኪና እየነዳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በየመጠጥ ቤቱ ጊታር እየመታ ሲኖር፣ በሠላሳ አንድ ዓመቱ «የኩሽናው መብራት» የሚል ዘፈን አወጣ። ዘፈኑ አገር ለአገር ዞረ። ከዚያ ወዲህ አራት አልበም ሠርቷል፤ ማንም አላስታወሰለትም። በየአውራጃው ትርኢት ላይ ሰው የሚጠይቀው ያንኑ አንዱን ነበር፤ ከሩቅ መንገድ የሚመለስ ሰው፣ ሚስቱ ሳታጠፋ የተወችውን መብራት አይቶ ቤቱን የሚለይበትን።

ሮዌና ልጅ ሳለች እንዴት እንደጻፈው ጠይቃው ነበር። መኪና ውስጥ ነው አላት። ለሬዲዮው ሰው ነዳጅ ማደያ ነው ብሎ ነገረው። ለእናቷ ደግሞ ዝናብ ያገተው ቀን፣ ሆቴል ውስጥ። ያኔ እነዚህን ሁሉ ጨዋታ አዋቂነት ብላ ወስዳቸው ነበር። ስድስት ዓመት ባሕር ማዶ ቆይታ ስትመለስ ግን ሦስቱም ታሪኮች አንድ ነገር እንደጎደላቸው ታያት፤ በአንዱም ውስጥ አባቷ እርሳስ አልያዘም።

ከሰዓት በኋላ እናቷ ሬሳው አጠገብ የሚቆመውን ጊታር እንድታወጣ ላከቻት። የጊታሩ ሳጥን ገበር በአንድ በኩል ተለቋል። ከሥሩ በአራት የታጠፈ ወረቀት ነበር። የዘፈኑ ግጥም ነው። የመጨረሻው ስንኝ ሦስቴ ተሰርዞ አራተኛው ላይ ተገኝቷል፦ «መብራትሽን አይቼ መንገዴን አወቅሁ።» ከየቃሉ በላይ የዜማው አጃቢ ኮርዶች በቁጥር ተጽፈዋል፤ አንድ፣ አራት፣ አምስት። አራቱ የተገለበጠ ወንበር ይመስላል። የአምስቱ የላይ ሰረዝ እንደ ባርኔጣ ከራሱ ተነጥሎ በርሯል። ያንን ወንበርና ያንን ባርኔጣ ጠዋት ሳህኑ ሥር አይታቸዋለች።

የአባቷ የቆየ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ዶይል በረንዳው ላይ በወረቀት ኩባያ ቡና ይጠጣል።

«አጎቴ ዶይል፣ አባዬ ኮርድ በቁጥር ይጽፍ ነበር?»

«ሃርዲን?» ዶይል ሳቀ። «እሱ እኮ በጆሮው ብቻ ነበር የሚጫወተው። ስቱዲዮ ውስጥ የቁጥሩን ወረቀት ሲሰጡት ኩባያ ያስቀምጥበት ነበር።»

«ታዲያ ይሄን ማን ጻፈው?»

ወረቀቱን ሲያየው ሳቁ ቆመ። «የገለበጠ ሰው ይሆናል።»

«የሚገለብጥ ሰው ስንኝ እየሰረዘ ይጽፋል?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰውየው እስኪቀበር እንኳ አትጠብቂም?» ኩባያውን ሲያሽከረክር ቆየ። «ሬቫ ትባላለች። ፒያኖ ትጫወትልን ነበር፤ ሁለት በጋ አብራን ዞራለች። ዘፈኑ ሲወጣ የእሱ ስም ብቻ ነበረበት። እሷም አልጮኸችም፣ እኔም አልጠየቅሁም።»

«ለምን አልጮኸችም?»

«እሱን ነው ያላወቅሁት። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመቴ።»

ቬልማ መኝታ ቤት የሟቹን ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ሮዌና ወረቀቱን ኪሷ ከትታ ገባች።

«እማ፣ የሳህኑን ባለቤት ታውቂያታለሽ?»

«ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ኪሱ ውስጥ አገኘሁት፣ አንቺ ገና ዳዴ ስትይ። ማናት ስለው ‹እንደምታስቢው አይደለም› አለኝ። አላመንኩትም።»

«ታዲያ እንዴት አብረሽው ኖርሽ?»

«በዘፈኑ ነዋ!» ቬልማ ካውያውን አቆመች። «ሌላ ሴት የሚወድ ሰው ስለ እኔ ኩሽና እንደዚያ አይጽፍም ብዬ። በተጠራጠርኩ ቁጥር እሱን እሰማለሁ፣ መብራቴን አብርቼ እተኛለሁ።» ኮሌታውን አቃናች። «ይልቅ የመቃብሩ ድንጋይ ቀራጭ ጽሑፉን ይፈልጋል፤ ደውይለት። ‹የኩሽናው መብራት ደራሲ› ይበልልኝ፣ ከሥሩ ስንኙን።»

የሮዌና እጅ ኪሷ ውስጥ ወረቀቱን ጨበጠ። ብታወጣው አባቷን ከውሽማ ጥርጣሬ ታድነው ይሆናል፤ የእናቷን ዘፈን ግን ትነጥቃታለች። ደግሞ ሁለቱም፣ ግጥሙም ውሽምነቱም፣ እውነት ቢሆንስ? ልትደውል ወጣች።

«ስሙን፣ ሁለቱን ዓመተ ምሕረት፣ ከዚያ ስንኙን» አለችው ቀራጩን በስልክ።

«ደራሲ የሚለው አለበት ተብዬ ነበር።»

«ይቅር። ዘፋኝ በለው።»

በማግስቱ ኮረብታው ላይ ቀበሩት። ዶይል ዘፈኑን ሲዘፍን የቬልማ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ሮዌና ዘፈኑን አልሰማችም፤ ሽበት ያላቸውን ሴቶች ጣት ታያለች። ፒያኖ የሚጫወት ጣት ምን እንደሚመስል ግን አታውቅም።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ሳህኖቹ ታጥበው በየስማቸው ሄዱ። አንዱ ቀረ። ሮዌና ቁጥሩን ስልኳ ላይ አስገብታ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች፦ «ሳህንሽ እኛ ጋ ነው። መብራቱ የማን ኩሽና ነበር?» ላከችው።

«ለማን ነው?» አለች ቬልማ።

«ለሳህኑ ባለቤት።»

እናቷ ሳህኑን ከማጠቢያው አንስታ ደፋችው። ቀለሙ እንዳይፈስ በፕላስተሩ ዙሪያ ብቻ፣ በጨርቁ ጫፍ ቀስ እያለች አደረቀችው። ከዚያ ከራሷ ሳህኖች ጋር መስኮቱ ሥር ደረደረችው።

መልእክቱ ደርሷል ይላል ስልኩ። መልስ አልመጣም።