አባዬ አፉን ሲዘጋ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ክር በጥርሱ ሲበጥስ ኖሮ አንዱ የፊት ጥርሱ ጫፉ ላይ ትንሽ ሰርጉዷል። ከዚያ በቀር እስከ ሰባ ስምንት ዓመቱ አንድም ጥርስ አልጎደለበትም፤ በዚህም ይኮራ ነበር። «ስንት መቀስ ቀየርኩ፤ ይሄን ግን አልቀየርኩም» እያለ ለደንበኞቹ ጥርሱን ያሳያቸው ነበር። እኔና ወንድሜ ልጆች ሳለን ጠዋትና ማታ በላያችን ላይ ቆሞ ያስቦርሸን ነበር። «የኋላውን! የኋላውን ለማን ትተሽው ነው?»

አድጌ የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆንኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ነው የምውለው። የፈራውን አባብላለሁ፤ እንዴት እንደሚቦረሽ በፕላስቲክ መንጋጋ አሳያለሁ። እጄ ላይ አፉን ያልከፈተ ሰው አላስታውስም።

አባዬ መርሳት የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ቁልፉን፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ስም፣ ከዚያ እኔን። አንድ ቀን የጥርስ ብሩሹን ሳስይዘው አገላብጦ አየውና የኮቱን ኮሌታ ያራግፍበት ጀመር። ያን ዕለት ሳቅሁ።

በማግስቱ ራሴ ልቦርሽለት ተጠጋሁ።

«አባዬ፣ አፍህን ክፈትልኝ።»

«እመቤት፣ እጅዎን ይሰብስቡ» አለኝ። ከንፈሩን ገጠመ።

ያልሞከርኩት የለም። የልጆች ብሩሽ ገዛሁ። መስተዋት ፊት አብሬው ቆሜ የራሴን ቦረሽኩ። ፋሻ በጨው ውኃ ነክሬ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ሞከርኩ፤ ነከሰኝና ደማሁ። ወንድሜ ደግፎ ሊይዘው ሲል አባዬ እንደ ሕፃን ጮኸ።

«ተይው በቃ» አለ ወንድሜ ፊቱን አዙሮ። «እኔ አባቴን አልታገልም።»

ወራት አለፉ። ትንፋሹ ተለወጠ፣ ድዱ አበጠ። የምሠራላት ዶክተር ቅዳሜ ቤት ድረስ መጣችልኝ። ሲያዛጋ ጠብቃ በባትሪ አየችው።

«ሁለት መንጋጋ ጥርሶቹ በስብሰዋል» አለችኝ ኮሪደሩ ላይ። «በማደንዘዣ ሳናስተኛው አይነቀሉም። ከመምጣቴ በፊት የልብ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር፤ ልቡ አይችልም አለኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ማስታገሻ እጽፍልሻለሁ። በተረፈ የቻልሽውን ያህል አጽጂለት።»

ይህን ቃል እኔም ለስንት ታካሚ ቤተሰብ ብያለሁ። ለካ ምንም አይጠቅማቸውም ነበር።

አንድ ማክሰኞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ብሩሹን ሳቀርብለት ዝም ብሎ ከፈተልኝ። አራት የታች ጥርሶች ቦረሽኩ። ትንፋሼን ይዤ ነበር። ወንድሜ ጋ ደውዬ «አራት!» ብዬ ጮህኩ። ረቡዕ እንደዚያው፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር ላይ አስቀምጬ ሞከርኩ። ከንፈሩ ንቅንቅ አላለም። ሐሙስም፣ ዓርብም።

አሁን ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነክሬ ነው የማጎርሰው። በአንድ ጎኑ ብቻ ቀስ ብሎ ያላምጣል። ትናንት መሐል ላይ አቆመና መዳፉን ጉንጩ ላይ አደረገ።

«ያምሃል አባዬ?»

«የለም፣ እኔ ደህና ነኝ» አለ። ትኩር ብሎ አየኝና አጠገቡ ያለውን ወንበር ጠጋ አደረገልኝ። «እርስዎ ግን ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት? ይቀመጡ እንጂ።»

ተቀመጥኩ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረም።